የወንድም ካልቪን ነገር

ግማሽ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ምንም ካላነበበ ሰው የባሰ ነው። ምንም ያላነበበው ቢያንስ ዝም ይላል። ይህን የምለው ሌላ ሰው ታዝቤ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ራሴ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ነው። ዝናቡ የእሪ በከንቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ውሎ፣ መብራትም ሄዶ፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ ስልኬን ስነካካ አንድ ወዳጄ በቴሌግራም የላከልኝን ፋይል ከፈትኩ። ስለ ካልቪን ትምህርት የሚያስረዳ መቶ ሃያ ገጽ ነው። ባፕቲስት ከሆንኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ግን ካልቪን የሚባል ስም ያየሁት ፒያሳ ቡቲክ ውስጥ፣ ሱሪ ላይ ተጽፎ ብቻ ነበር። ፋይሉ እንደሚለው እግዚአብሔር ዓለም ሳይፈጠር የራሱን ሰዎች መርጧል፤ የመረጣቸውም ደህና ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ የወሰነውንም የሚያስቀረው የለም። እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። ልቤ እየመታ ስልሳኛው ገጽ ላይ ስደርስ የስልኬ ባትሪ አለቀ። ታዲያ ያለቀው ባትሪው ብቻ መሆኑን መቼ አሰብኩት፤ መጽሐፉም ያለቀ ያህል ተሰማኝ። ከብርድ ልብሱ ስወጣ ካልቪኒስት ሆኜ ነበር።

ሰኞን የጀመርኩት ትምህርቱን በሥራ በመተርጎም ነው። የስልኬን ደወል አጠፋሁ። የምነቃበት ሰዓት ዓለም ሳይፈጠር ከተወሰነ እኔን ምን አገባኝ? ዓለም ሳይፈጠር የተወሰነው ሰዓት አራት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። የምሠራው ፒያሳ አንድ መነጽር ቤት ነው፤ የሚከፈተው በሁለት ተኩል ነው። አለቃዬ ታጋሽ ሰው ናቸው። መዘግየቴ የእኔ ጥፋት ሳይሆን የቆየ ውሳኔ መሆኑን ሳስረዳቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ እንግዲያው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን ሱቅ እንድጠብቅም ተወስኖ ይሆናል አሉኝ።

በዚሁ ሳምንት ቸርችል ጎዳናን ግራ ቀኝ ሳላይ ተሻገርኩ። ያልተቆረጠልኝ ሞት አያገኘኝም ብዬ ነው። አንድ ሚኒባስ ጎማው እየጮኸ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ በእርጋታ፣ ለቤተሰብ ተናግሬ እንደ ወጣሁ ጠየቀኝ። ጊዜ ቢኖረው ትምህርቱን ባብራራለት ደስ ይለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ እብደት በእኔ ላይ ብቻ ቢቀር ምንም አልነበረም። ክፋቱ፣ መጋቢያችን ለአንድ ወር ወደ ሆሳዕና ሊሄዱ ሆነና ከአምልኮ በኋላ ያለውን የእሁድ ትምህርት ለእኔ አደራ ሰጡኝ። ቀለል ያለ ነገር አስተምር፣ ለምሳሌ ስለ ትዕግሥት፣ ብለው ነበር። እሺ አልኩ። አውቶቡሳቸው ገና ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ትዕግሥትን ትቼ ካልቪንን አዘጋጀሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት። አፍንጮ በር፣ ከታክሲ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰባለን። ሰው ከሰው ይተዋወቃል፤ ማን የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ይታወቃል። ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ያለው ወንበር የጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ ከሽማግሌዎቻችን ትልቁ ናቸው። ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ሲሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ሰባት ሰው ብቻ ከነበራት ጊዜ ጀምሮ አሉ። አምነው የተጠመቁት ትልቅ ሰው ሆነው፣ በጥር ብርድ፣ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ስለ ውኃው ቅዝቃዜ ሲያወሩ ዛሬም ትከሻቸውን ይሰበስባሉ።

በመጀመሪያው እሁድ ስለ ካልቪን ማንነት፣ የጄኔቫ ከተማ ሰባኪ መሆኑን፣ ትንሽ ተናግሬ ወደ ዋናው ነገር ልገባ ስል ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አወጡ።

«ይኸ ካልቪን የምትለው ሰው፣ ሕፃናትን ያጠምቃል ወይስ አያጠምቅም?»

እስከ ስልሳኛው ገጽ ድረስ ስለዚህ የተባለ ነገር አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ፈለግሁ።

«ያጠምቃል» አልኩ ድምፄን ቀንሼ።

ጋሽ ደምሴ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘጉ። «እንግዲያው ኦርቶዶክስ ነዋ» አሉ።

እኛ ባፕቲስቶች ሰው ነፍስ አውቆ፣ አምኖ፣ በገዛ እግሩ ውኃ ውስጥ ካልገባ አናጠምቅም። ስማችንም የመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ የሰውየው ነገር ለብዙዎቹ እዚያው ላይ አበቃ። እኔ ግን መች ተውኩ። ከእሱ የምንወስደው የመዳንን ትምህርት ነው፣ ጥምቀቱን አንወስድም፣ በዓለም ላይ እንዲህ የሚያምኑ ባፕቲስቶች ሞልተዋል ብዬ ተከራከርኩ። አንዲት እህት፣ ቅቤውን ብቻ ከሽሮው ላይ ገፍፈን እንውሰድ ማለትህ ነው ወይ፣ አለችኝ። ከኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ የሚድነው ሰው አስቀድሞ ከታወቀ በየቅዳሜው እየዞርን ወንጌል የምናዳርሰው ለምንድን ነው? ግማሽ መጽሐፍ ያነበበ ሰው አላውቅም አይልም። እሱም ቢሆን ይህን ያህል አያስፈልግም ብዬ መለስኩ። የወንጌል ስርጭት ቡድናችን በክረምት ወር እንዲህ ያለ የምሥራች ሰምቶ አያውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድም ሰው ዝር አላለም።

በሁለተኛው ሳምንት ርዕሴ «ምርጫ» ሆነ። እግዚአብሔር ሰውን ለመዳን መምረጡን በትምህርት ቋንቋ ምርጫ እንለዋለን። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ስንመርጥም ያው ምርጫ ነው የምንለው፤ አማርኛ እዚህ ላይ ቃል ቆጥቦብናል። የሽማግሌዎቹ ምርጫ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶት፣ የዕጩዎች ዝርዝር ታች መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ተለጥፎ ነበር። ከዝርዝሩ አንደኛ ላይ ያለው የጋሽ ደምሴ ስም ነው።

ማስታወቂያ የምታወጣው እህት ጸጋ ናት። እህት ጸጋ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ናት፤ ቁልፉ፣ ማኅተሙ፣ የመዘምራኑ ልብስ፣ የመጠመቂያ ገንዳው ውታፍ ሳይቀር በእሷ እጅ ነው። እሷ አድርግ ያለችህን ሳታደርግ የምታመልጥበት መንገድ የለም። እኔ ርዕሱን የሚያብራራ ግማሽ ገጽ ሐተታ ጽፌ ሰጠኋት። እሷ ደግሞ ሐተታ አትወድም፤ ማስታወቂያ ማለት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ቆሞበት ካለው ቦታ የሚያነበው ነው ብላ ታምናለች። ስለዚህ አሳጥራ፣ በትልልቅ ፊደል፣ እንዲህ አድርጋ አተመችው፦

ምርጫ
አስቀድሞ ተወስኗል።
የሰው ድምፅ አይለውጠውም።

የለጠፈችውም ባዶ ቦታ ባገኘችበት ነው፤ ከዕጩዎቹ ዝርዝር በላይ፣ ልክ እንደ አርዕስት።

ሰኞ ከሰዓት ሦስት አባላት ደወሉልኝ። ምርጫው ማንን ለማስመረጥ እንደ ተወሰነና ማን እንደ ወሰነ ማወቅ ፈልገው ነው። እግዚአብሔር ነው ስላቸው አንዱ፣ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚባለው አለኝ። ረቡዕ ደግሞ ከወረዳ አንድ ትሑት ወጣት መጣ። ማስታወቂያውን ከታክሲ ሰልፍ ላይ ያነበቡ ሰዎች ጠይቀውት ነው። የትኛው ምርጫ እንደሆነ ቢጠይቀኝ፣ ዓለም ከመፈጠሩ በፊት የተደረገው ነው አልኩት። በማስታወሻው ላይ ጻፈው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ታዛቢ ነበረው ወይ አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ መልስ አላገኘሁለትም። ደህና ዋሉ ብሎ፣ ወረቀቱን ከመንገድ ዳር እንድናነሳ መክሮን ሄደ።

እህት ጸጋ ሰሌዳው ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ ሙልጭ አድርጋ አነሳች። ይሁን እንጂ ዘግይታ ነበር። ጋሽ ደምሴ በጠዋት መጥተው አይተውት ኖሯል። እሷ እንደ ነገረችኝ መነጽራቸውን አውልቀው ወልውለው፣ እንደገና አድርገው፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና የራሳቸውን ስም ሰረዙ። ቀያሽ አይደሉ፣ ያለ ማስመሪያ የተሰመረው መስመር ክር ይመስላል። እስክሪብቶውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ሄዱ። በዚያ እሁድ አልመጡም። በሰላሳ ዓመት ውስጥ ሳይመጡ የቀሩት ባለቤታቸውን የቀበሩ ሰሞን ብቻ ነበር።

እህት ጸጋ ከእንግዲህ የራሴን ማስታወቂያ ራሴ እንድጽፍ አዘዘችኝ። እኔም ነገሩን ለማብረድ ማንም ሊጣላበት የማይችል ርዕስ ፈለግሁ። ፋይሉ የካልቪንን ትምህርት በአምስት ነጥብ ይጠቀልለዋል፤ ከአምስቱ አንዱ የእግዚአብሔር ጸጋ ሰውን ሊያድን ሲመጣ ሰው ሊገታው አይችልም የሚል ነው። ከጸጋ ጋር ማን ይጣላል? ዓርብ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ብዬ በወፍራም ማርከር፣

ጸጋን መቋቋም አይቻልም

ብዬ ጻፍኩ። የታችኛው ሰሌዳ ተከልክሏል። ፎቅ ላይ ለመለጠፍ የሚመች ንጹሕ ቦታ የነበረው አንድ በር ብቻ ነው። የቢሮው በር። የእህት ጸጋ ቢሮ። እሷ ቀደም ብላ ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር። ልቤ ሰማይ ቤት ስለ ነበረ በምድር ላይ ምን እያደረግሁ እንደሆነ አልታየኝም፤ ለጥፌ ሄድኩ።

የእህት ጸጋ ባለቤት አቶ ኃይሉ ይባላል። ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ነው፤ እኛ ሱቅ ሲመጣ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ኦርቶዶክስ ነው። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በየእሁዱ ሚስቱን እስከ ታችኛው በር አድርሶ ይመለሳል እንጂ ደረጃችንን ረግጦ አያውቅም። ቅዳሜ ዕለት ግን የረሳችውን ዣንጥላ ሊወስድላት ወጣና በሩን አነበበ። ዘበኛችን እንደሚለው መጀመሪያ ግድግዳውን ተደግፎ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣ ይህን ሐቅ የጻፈው ማን እንደሆነና ትምህርቱ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠየቀ።

እሁድ ልጀምር ስቆም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እህት ጸጋ ከመዘምራኑ መሀል ሆና ባሏን ስታይ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። በሩን አላየችውም፤ ጠዋት ቀጥታ ወደ አዳራሹ ነበር የገባችው። አሥራ አንድ ዓመት የጸለየችበት ነገር የተፈጸመ መሰላት።

«ዛሬ የምንማረው ጸጋን መቋቋም እንደማይቻል ነው» ብዬ ጀመርኩ።

«አሜን» አለ አቶ ኃይሉ። ብቻውን።

ደስ አለኝ። ጸጋ የመጣበት ሰው መጀመሪያ እንቢ እንደሚል፣ እንደሚከራከር፣ እንደሚሸሽ፣ ኋላ ግን እንደሚሸነፍ በሰፊው ተነተንኩ። በየመሀሉ አቶ ኃይሉ ራሱን እየነቀነቀ፣ ልክ ነው፣ ልክ ነው ይላል። ከጉባኤው ይህን ያህል የገባው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ፣ ለማስተማር ብዬ፣ እዚህ ከመካከላችን ጸጋን ለመቋቋም የሞከረ ሰው ይኖር ይሆን ወይ ስል ብድግ አለ።

«እኔ ሞክሬያለሁ» አለ። «ቤታችንን ነጭ ላስቀባ ነበር ሐሳቤ። አረንጓዴ ይሁን አለች። አይሆንም አልኩ፤ አንድ ወር ተከራከርኩ። አሁን ቤቱ አረንጓዴ ነው። ማንም አስገድዶኝ አይደለም፣ ቀለሙን የገዛሁት ራሴ ነኝ። የሚገርማችሁ ደግሞ ሳየው አረንጓዴው ይሻላል። እና መቋቋም አይቻልም ያለው ወንድም እውነቱን ነው። የሚረዳኝ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ገና አገኘሁ።»

ሳቁ ከኋላ ረድፍ ተነስቶ እስከ መድረኩ መጣ። እኔም ያኔ ነው በሩ ትዝ ያለኝ፤ ላብ አጠመቀኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ስልሳ ገጽ አንብቤ ያልገባኝን ሰዓት ሠሪው በአንድ ባልዲ ቀለም አስረድቶት ነበር፤ ሰው የሚሸነፈው ተገፍቶ ሳይሆን ራሱ ወድዶ መሆኑን። እህት ጸጋ ከመዘምራኑ መሀል ተነሳች። ሳቁ ቆመ።

«ቤት እንነጋገራለን» አለች።

ለማን እንዳለች ግልጽ አልነበረም። አቶ ኃይሉም እኔም አንገታችንን ደፋን።

ሰው እየሳቀ ሲበተን ዓይኔ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ አረፈ። ወንበሩ ዛሬም ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ መሳቅ አልቻልኩም።

ማክሰኞ ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር፤ ግባ ብለው ሻይ አፈሉ። ይቅርታዬን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ትልልቁ ፊደል፣ ምርጫ ስለሚለው ቃል። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እሱን እንኳ ተረድቼዋለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ድምፅ ያጭበረበርኩ አስመሰልከኝ ብዬ ተናድጄ ነበር። ኋላ ጸጋ አንተ የጻፍከውን ሙሉውን አምጥታ አስነበበችኝ። የባሰብኝ ያኔ ነው።»

ብርጭቆዋቸውን አስቀመጡ።

«እግዚአብሔር አስቀድሞ መርጧል ትላለህ። እሺ። እኔን ባይመርጠኝስ? የሽማግሌነቱን አይደለም የምጠይቅህ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።»

እኔ በሚኒባስ ፊት የተጫወትኩበት ነገር እኚህን ሰው ለአሥር ቀን እንቅልፍ ነስቷቸው ኖሯል። ከዚህ ወዲያ መደበቅ ነውር ሆነብኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። መጽሐፉን ያነበብኩት ግማሹን ነው።»

«ግማሹን?»

«ባትሪ አልቆብኝ።»

«ሰላሳ ዓመት የቆምኩበትን መሬት በባትሪ ምክንያት ነው የነቀነቅከው?» አሉ። ቀጥለውም፣ «አሁን ባትሪ አለህ?»

«አለኝ።»

«በል አንብበው።»

ከስልሳ አንደኛው ገጽ ጀምሬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ግማሽ፣ እኔ ሳስተምር የከረምኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እየነቀለ ይጥላል። ፍጻሜውን የወሰነ አምላክ መንገዱንም ወስኗል ይላል፤ ስለዚህ የሚጸልይ ሰው ይጸልይ፣ የሚሰብክ ይስበክ፣ የሚሻገርም ግራ ቀኝ ይይ። ይህን ትምህርት ዕጣ ፈንታ ነው ብሎ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ሰው ምንም አልገባውም ይላል። እዚህ ላይ ድምፄን ለመዋጥ ሞከርኩ፤ ጋሽ ደምሴ ጮክ ብለህ አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ተመርጬ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ሰው ስሙን በማይታይ ዝርዝር ውስጥ አይፈልግ፤ ወደሚጠራው ይምጣ፤ የመጣን አይመልስምና፤ መምጣት መፈለጉ ራሱ አስቀድሞ እንደ ተፈለገ ምልክት ነው ይላል። መጨረሻ አካባቢ ያለው ገጽ ደግሞ አማኝ እስከ ፍጻሜ የሚጸናው እሱ አጥብቆ ስለያዘ ሳይሆን ስለ ተያዘ ነው የሚል ነበር። ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«እኔ እኮ እዚህ የደረስኩት የያዝኩት እኔ ነኝ እያልኩ ነው» አሉ። «እጄ ዝሎ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሻዩ ቀዝቅዟል። ቀዝቃዛውን ጠጣነው። ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝና፣ ሕፃን ማጥመቁን ግን አሁንም አልቀበለውም አሉ። እኔም አልቀበለውም አልኩ። መልካም አሉ።

ቅዳሜ መጋቢያችን ተመለሱ። እህት ጸጋ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል፣ በሯ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ማስረጃ አድርጋ፣ ነግራቸው ጠበቀችኝ። መጋቢ አስቀመጡኝና አምስቱን ነጥቦች እንድዘረዝርላቸው ጠየቁ። ዘረዘርኩ። እነዚህን ነገሮች ስሙን ሳይጠሩ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሰብኩልን እንደ ኖሩ ነገሩኝ፤ ስም ሲጠራ ሰው ከመስማቱ በፊት ጎራ ይለያል ብለው ነው። ከሁሉ አብልጠው አሜን ይሉ የነበሩትም ጋሽ ደምሴ ናቸው አሉ። አንተ ግን የታዘዝከው ስለ ትዕግሥት ነበር፣ አሉኝና የወንጌል ስርጭት ቡድኑን፣ ዝናብ ኖረም አልኖረ፣ እኔ ራሴ እየመራሁ እንድወጣ ወሰኑብኝ።

እሁድ ጋሽ ደምሴ መጡ። የሽማግሌዎቹ ምርጫም በሰላም ተካሄደ። ስማቸው እንዲመለስ ብዙ ሰው ቢለምናቸውም እንቢ አሉ፤ አኩርፈው ሳይሆን ማረፍ ፈልገው። ሲወጡ ክንዴን ያዙኝና እስከ ታክሲ ማቆሚያው አብረን ሄድን።

«ያንን ወንድም ካልቪንን ያለ አግባብ ተናግሬዋለሁ» አሉኝ። «በሰው ፊት ኦርቶዶክስ ነው ብዬ። ለዓመታዊ ጉባኤያችን ብንጋብዘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።»

ለካ እስከ ዛሬ ስለ አንድ በሕይወት ያለ ሰባኪ ነበር የሚያስቡት። እንዴት ብዬ ልንገራቸው።

«ጋሼ፣ እሱ አርፏል» አልኩ።

ቆሙ። ዕድሜውን ጠየቁኝ፤ ሃምሳ አራት አልኩ። ምነው በልጅነቱ አሉ። ምን አገኘው ሲሉኝ ብዙ ሕመም እንደ ነበረበት ነገርኳቸው። ልጆችስ አሉ። አንድ ወንድ ልጅ ወልዶ በተወለደ በጥቂት ቀን እንደ ሞተበት፣ ሚስቱም ቀድማው እንዳለፈች ነገርኳቸው። ሁሉም እውነት ነው። የምነግራቸው እውነት በበዛ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። መቼ ነው ያረፈው አሉ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ልል አፌን ስከፍት ታክሲ መጣና ሰልፉ ገፍቶ አስገባኝ። «ትንሽ ቆየት ብሏል» አልኩ በመስኮት። ማታ ደውዬ አስረዳቸዋለሁ ብዬ ነበር። ረሳሁት።

በሚቀጥለው እሁድ ከማስታወቂያ በኋላ ጋሽ ደምሴ ጥቁር ኮት ለብሰው ወደ መድረኩ ወጡ። ትምህርቱን የሰማንለት፣ አንዳንዶቻችንም ሳናውቀው የተናገርንበት ወንድም ካልቪን በሃምሳ አራት ዓመቱ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፉን ለጉባኤው አረዱ። ሚስቱም ልጁም ስለ ቀደሙት የሚቆምለት ሰው የለውምና እኛ እንቁምለት አሉ። ሕዝቡ በሙሉ ተነሳ። አቶ ኃይሉ፣ በዚህም እሁድ መጥቶ ነበር፣ ኮፍያውን አወለቀ። አንዲት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ።

መጋቢ ከመድረኩ ወንበር ሆነው ወደ እኔ ተመለከቱ። አንገቴን ደፋሁ። ትከሻቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ከኋላ ያሉት የሚያለቅሱ መሰላቸው። ከዚያ ራሳቸውን ገዝተው ተነሱና ጸለዩ። ስለ ሰውየው ድካም አመሰገኑ፤ ብዙ ሥራ ሠርቶ በብዙ ሕመም እንዳለፈ፣ አሁን ግን ከሕመሙ እንዳረፈ ተናገሩ። በጸሎቱ ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። ጋሽ ደምሴ እንባቸውን በመሐረብ ጠርገው ከሁሉ አስበልጠው አሜን አሉ። እኔም አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ስንበተን እውነቱን ለሁሉም ልናገር ቆርጬ ወደ በሩ ስሄድ እህት ጸጋ ቀድማኝ ቆማለች። የጉባኤውን የማጽናኛ ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋበት፣ ፖስታ ውስጥ ከትታዋለች። ሌላው ሁሉ አልቋል፤ የቀራት አድራሻው ነው። ወደ የት ይላካል አለችኝ። እህት ጸጋ፣ ነገሩ እንኳ፣ ብዬ ጀመርኩ። እስክሪብቶዋን ከፖስታው ላይ ሳታነሳ ቀና ብላ አየችኝ። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ፣ ተው በሚል ዓይን፣ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ።

«ጄኔቫ» አልኳት።